ተንቀሳቃሽ ፎቶግራፍ እንዴት ተጀመረ? ፊልምስ መቼ ሥነ ጥበብ ሆነ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በድሬዳዋና በሐረር ፊልም አይተን በምንወያይባቸው ምሽቶች ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፊልም ከፎቶግራፍ በምን ይለያል?

ፎቶግራፍ አንዲትን ቅጽበት ይዞ ያስቀራል፤ ፊልም ግን ተከታታይ ቅጽበቶችን እኩል በሆነ የጊዜ ልዩነት እያነሣ በተነሡበት ቅደም ተከተል መልሶ ያሳያል። የድሮውን የሴሉሎይድ ጥቅልል ዘርግተን ብንመለከት በላዩ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አናገኝም፤ የምናየው እርስ በርሳቸው በጥቂቱ የሚለያዩ የቆሙ ምስሎችን ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚቀረጸው ቪዲዮም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ብርሃኑን የሚቀበለው ኬሚካል መሆኑ ቀርቶ በኤሌክትሮኒክ ሴንሰር ተተክቷል።

ከዚህ የአሠራር ልዩነት የሚበልጥ ሌላ ልዩነት አለ። ሥዕልንም ሆነ ፎቶግራፍን ተመልካቹ የፈለገውን ያህል ጊዜ ቆሞ ሊያየው ይችላል፤ ፊልም ግን እያንዳንዱ ነገር ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታይ ራሱ ይወስናል። በዚህ ረገድ ከሥዕል ይልቅ ለሙዚቃ ይቀርባል። ፊልም ሥነ ጥበብ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ክርክር ውስጥ ይህ ባሕርይ ተገቢውን ቦታ ሳያገኝ የሚታለፍ ይመስለኛል።

የቆሙ ምስሎች የሚንቀሳቀሱ የሚመስሉን ለምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ያየነው ምስል በዓይናችን ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ስለሚቆይ ከሚቀጥለው ጋር ይያያዛል የሚል ነው። ይህ ማብራሪያ ጎደሎ ነው፤ ጉዳዩ የምስሎቹ መቆየት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ድብልቅልቅ ያለ ነገር ባየን ነበር። ማክስ ቬርትሃይመር የተባለው የሥነ ልቡና ተመራማሪ በ1912 ባሳተመው ጥናት፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መስመሮች በጣም አጭር በሆነ የጊዜ ልዩነት በየተራ ሲታዩ ሰው ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድ አንድ መስመር እንደሚያይ አሳየ። ይህም እንቅስቃሴውን የሚሠራው አእምሯችን መሆኑን ያመለክታል።

ከዚህ የተለየው ጉዳይ ደግሞ የብርሃን መርገብገብ ነው። ድምፅ ያለው ፊልም በሰከንድ 24 ምስሎችን ያሳያል፤ ነገር ግን ብርሃኑ በሰከንድ 24 ጊዜ ብቻ ቢበራና ቢጠፋ ዓይን መርገብገቡን ስለሚያየው፣ በፕሮጀክተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው መዝጊያ እያንዳንዱን ምስል ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እያቋረጠ ያሳያል። ስለዚህ በነጩ ሸራ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሰከንድ 48 ወይም 72 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ለእኛ ግን የማይቋረጥ ሆኖ ይታየናል።

የፊልም ካሜራ ከመሠራቱ በፊት ምን ነበር?

መነሻው ጨለማ ክፍል ነው። በባስራ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ኢብን አል-ሀይሰም በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል ሲገባ በውጭ ያለውን ነገር ገልብጦ እንደሚያሳይ በጥንቃቄ መርምሯል። ይህን ማንም ሰው ሊሞክረው ይችላል፤ በድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ የክፍሉን መስኮት በወፍራም ካርቶን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ የእርሳስ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ቢበሳ፣ በፊት ለፊቱ ነጭ ግድግዳ ላይ ባጃጁም መንገደኛውም ራሳቸው ወደ ታች ሆኖ ሲያልፉ ያያል። በቀጥታ የሚንቀሳቀስ ምስል ማለት ይኸው ነው፤ የጎደለው ማስቀሪያው ነበር።

ማስቀሪያውን ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ በ1820ዎቹ አጋማሽ አገኘው፤ ሆኖም ከቤቱ መስኮት ያነሣት ዝነኛ ምስል በብርሃን ለመቀረጽ ረጅም ሰዓታት ወስዳለች። ሰዓታት የሚፈጅ ፎቶግራፍ የሚንቀሳቀስን ነገር ሊይዝ አይችልም። እንቅስቃሴን የማሳየቱ ጥረት በዚያን ጊዜ የተያዘው በሥዕል ነበር። የቤልጅጉ ሳይንቲስት ጆሴፍ ፕላቶ በ1832 ዙሪያውን ተከታታይ ሥዕሎች የተሣሉበትንና በቀዳዳዎቹ በኩል በመስታወት ሲታይ ሥዕሎቹ የሚንቀሳቀሱበትን ተሽከርካሪ ክብ ሠራ። የዓይንን ጠባይ ሲያጠና የኖረው ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ የራሱን ዓይን ብርሃን አጥቷል። ከእርሱ በኋላ ኤሚል ሬኖ በእጁ የሣላቸውን ረጃጅም ጥቅልሎች በ1892 በፓሪስ ለተመልካች በሸራ ላይ ማሳየት ጀመረ፤ ስለዚህ የሥዕል ፊልም፣ ዛሬ አኒሜሽን የምንለው፣ በሸራ ላይ በመታየት ከፎቶግራፍ ፊልም ይቀድማል።

የሙይብሪጅ ፈረስ ታሪክ እውነት ነው? ውርርዱስ?

የፈረሱ ታሪክ እውነት ነው፤ ውርርዱ ግን ማስረጃ የለውም። በባቡር ሐዲድ ሥራ የበለጸገውና የካሊፎርኒያ አገረ ገዢ የነበረው ሌላንድ ስታንፎርድ ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከመሬት ይነሡ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ፤ ማስረጃ የሌለው በዚህ ጉዳይ በገንዘብ ተወራረደ የሚባለው ነው። እንግሊዛዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኤድዋርድ ሙይብሪጅ በ1878 በፓሎ አልቶ በሚገኘው የስታንፎርድ የፈረስ ማርቢያ በሩጫው መንገድ ዳር 12 ካሜራዎችን ደረደረ፤ በመንገዱ ላይ የተወጠሩትን ክሮች ፈረሱ እየበጠሰ ሲያልፍ እያንዳንዱ ካሜራ በየተራው ያነሣ ነበር። የዘመኑ የፎቶግራፍ ኬሚካል ብዙ ብርሃን ስለሚሻ ፈረሱ የሚያልፈው በነጭ ግድግዳ ፊት እንዲሆን ተደረገ። በኋላ ካሜራዎቹ ወደ 24 አደጉ።

ውጤቱ ሠዓሊዎችን አስደነገጠ። በአውሮፓ ሥዕል የሚጋልብ ፈረስ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት፣ የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ በአየር ላይ እንደሚንሳፈፍ ተደርጎ ይሣል ነበር። የእኛ ሠዓሊዎች በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ ነጩን ፈረስ እግሩን አንሥቶ እንደሚሥሉት ሁሉ፣ ያም የየአገሩ የአሣሣል ልማድ እንጂ በዓይን የተረጋገጠ ነገር አልነበረም። የሙይብሪጅ ፎቶግራፎች ግን አራቱም ኮቴዎች ከመሬት የሚነሡት እግሮቹ ከሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ መሆኑን አሳዩ። የሰው ዓይን ለሺህ ዓመታት ፈረስን እያየ ያላየውን ነገር መሣሪያው አየ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሙይብሪጅ ፊልም አልሠራም። እርሱ የሠራው እንቅስቃሴን መቆራረጥ ነው። በ1879 ግን ከፎቶግራፎቹ የተገለበጡ ምስሎችን በመስታወት ክብ ላይ አድርጎ በሸራ ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቶ የቆረጠውን መልሶ ቀጠለ።

የማሬ «ጠመንጃ» የተባለው ምንድን ነው?

ኤቲየን-ዡል ማሬ የአካልን አሠራር የሚያጠና ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። ወፍ እንዴት እንደሚበርር ለማወቅ ፈለገ፤ ወፍ ደግሞ እንደ ፈረስ በክር በተወጠረ መንገድ ላይ አይሄድም። ስለዚህ በ1882 የጠመንጃ ቅርጽ ያለው፣ በትከሻ ተደግፎ የሚያልምና ቃታው ሲሳብ ብርሃን የሚቀበል ኬሚካል በተቀባ ተሽከርካሪ መስታወት ላይ በአንድ ሰከንድ 12 ምስሎችን የሚያነሣ ካሜራ ሠራ። ከሙይብሪጅ ጋር ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ የእርሱ ሁሉንም ምስሎች ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሌንስ፣ በእኩል የጊዜ ልዩነት የሚይዝ አንድ መሣሪያ ነበር፤ የፊልም ካሜራ ማለትም ይኸው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም መስታወቱን ትቶ በጥቅልል ተጠቀመ።

ማሬ ግን የተቀረጸውን ሕይወት እንዳለ መልሶ ለማሳየት ብዙም አልጓጓም። ዓይን በራሱ የሚያየውን ነገር መልሶ ማሳየት ለሳይንስ ምን ይጨምራል ብሎ ያስብ ነበር። ይህ አመለካከቱ ለእኔ ከመሣሪያው ያላነሰ ትርጉም አለው፤ ተንቀሳቃሽ ፎቶግራፍ በጥበብ ሰዎች እጅ ሳይሆን ዓለምን ለመለካት በሚፈልጉ ሰዎች እጅ እንደተወለደ ያስረዳልና።

ታዲያ ፊልምን የፈለሰፈው ማን ነው? ኤዲሰን ወይስ የሉሚዬር ወንድማማቾች?

አንድ ፈልሳፊ የለውም። በአሜሪካ በቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ ሥራውን በተግባር የመራው ዊሊያም ዲክሰን ሲሆን፣ የጆርጅ ኢስትማን ኩባንያ ያመረተውን ተጣጣፊ ሴሉሎይድ ተጠቅሞ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና በእያንዳንዱ ምስል ጎንና ጎን አራት አራት ቀዳዳ ያለበትን ፊልም አወጣ። ይህ መጠን እስከ ዛሬ የፊልም ሥራ መደበኛ መለኪያ ሆኖ ኖሯል። በኤዲሰን ማሳያ ሣጥን ግን አንድ ሰው ብቻ ጎንበስ ብሎ በቀዳዳ ያይ ነበር፤ በኒው ዮርክ በ1894 የተከፈተው የመጀመሪያው ማሳያ ቤትም የእነዚህ ሣጥኖች ድርድር ነበር።

በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ የፎቶግራፍ መስታወት ፋብሪካ የነበራቸው ኦጉስትና ሉዊ ሉሚዬር በ1895 ያወጡት መሣሪያ በእጅ የሚዞር፣ አንድ ሰው በቀላሉ ሊሸከመው የሚችልና ቀረጻውንም ቅጂውንም ማሳየቱንም በአንድ አካል የሚሠራ ነበር። ዋናው ችግር ፊልሙ ሳያቋርጥ ከተጎተተ ምስሉ የሚደበዝዝ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ እየተጎተተ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየተጎተተ መሄድ አለበት። ሉዊ ሉሚዬር መፍትሔውን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ነው፤ በሐረር ጀጎል ውስጥ የልብስ ሰፊዎች መንገድ በሆነው በማኪና ግርግር ያለፈ ሰው ጨርቁ ለመርፌው እየቆመ እንዴት ወደ ፊት እንደሚገፋ ስላየ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። በዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ በግራንድ ካፌ ምድር ቤት 33 ሰዎች አንድ አንድ ፍራንክ ከፍለው እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞሉ 10 ፊልሞችን አዩ። የአድዋ ጦርነት የተካሄደው ከዚህ ቀን ሁለት ወር ብቻ ዘግይቶ ነው።

የእነርሱ ቀዳሚነትም ቢሆን ያለ ተቀናቃኝ አይደለም። የስክላዳኖቭስኪ ወንድማማቾች በርሊን ውስጥ በኖቬምበር 1 ቀን 1895 ለከፋይ ተመልካች አሳይተዋል፤ መሣሪያቸው ግን ሁለት ጥቅልሎችን በየተራ የሚያሳይ አስቸጋሪ ነገር ስለነበር አልቀጠለም። ከሁሉም በፊት ሉዊ ለ ፕረንስ በ1888 በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ፣ በአትክልት ቦታ የሚዞሩ ቤተሰቦችን በአንድ ሌንስ ቀርጿል፤ ከተረፈችው ቀረጻ የምናየው ሁለት ሰከንድ ያህል ነው። ይህ ሰው ሥራውን ለሕዝብ ሳያሳይ በ1890 ከዲዦን ወደ ፓሪስ በሚሄድ ባቡር ተሳፍሮ የደረሰበት ጠፋ። ፍርድ ስጥ ብባል፣ ሉሚዬሮች የፊልም ፈልሳፊዎች ሳይሆኑ የሲኒማ ተመልካች ፈጣሪዎች ናቸው እላለሁ፤ በጨለማ ውስጥ አብሮ ተቀምጦ አንድን ነገር በአንድነት ማየትን ያስለመዱት እነርሱ ናቸውና።

የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ባቡሩን በሸራው ላይ ሲያዩ ከአዳራሹ ሸሽተው ወጡ የሚባለው እውነት ነው?

የባቡር ከተማ በሆነችው ድሬዳዋ ይህ ጥያቄ የማይነሣበት ምሽት ጥቂት ነው። ባቡር በላ ሲዮታ ጣቢያ ሲደርስ የሚያሳየው የሉሚዬር ፊልም በመጀመሪያው የዲሴምበር ዝግጅት ላይ ከታዩት ከ10ሩ መካከል አልነበረም፤ ለሕዝብ የቀረበው በ1896 መጀመሪያ ላይ ነው። ተመልካቾች በድንጋጤ ተረጋግጠው ሸሹ የሚለው ወሬም በዘመኑ በወጡ ጋዜጦች የተደገፈ አይደለም፤ ከጊዜ በኋላ እየተደጋገመ የጸና አፈ ታሪክ ነው። ሰዎቹ ተደንቀዋል፤ ነገር ግን ፊት ለፊታቸው ያለው ሸራ መሆኑን ያውቁ ነበር።

በዚያች አጭር ፊልም ውስጥ ከድንጋጤው ወሬ የሚበልጥ ነገር አለ። ካሜራው የተተከለው ሐዲዱን በአግድም በሚያሳይ ቦታ ሳይሆን ባቡሩ ከሩቅ እንደ ነጥብ ታይቶ፣ እያደገ መጥቶ፣ በምስሉ ጠርዝ በኩል ሰያፍ ሆኖ በሚያልፍበት ማዕዘን ነው፤ ከዚያም ተሳፋሪዎች እየወረዱ ወደ ሌንሱ ሲቀርቡ አንዳንዶቹ ፊታቸው ጎልቶ እስኪታይ ይደርሳሉ። ቦታውን የመረጠ ሰው አለ። ይህ ምርጫ በኋላ ለሚነሣው የሥነ ጥበብ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐረር በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት?

በተንቀሳቃሽ ፎቶግራፍ ታሪክ በቀጥታ የላትም፤ በፎቶግራፍ ታሪክ ግን አላት። ቅኔውን ትቶ በሐረር በቡና ንግድ ተሰማርቶ የነበረው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከሊዮን ያስመጣውን ካሜራ ይዞ በ1883 በከተማይቱ ፎቶግራፎች አንሥቷል፤ በዚያን ጊዜ ሐረር በግብፅ አገዛዝ ሥር ነበረች። ራሱን በቤት ሰገነት ላይ፣ በቡና ዛፎች መካከልና በሙዝ ተክል ሥር ቆሞ ያነሣባቸውን ምስሎች ለቤተሰቡ ልኳል። ዓመቱ ማሬ ጠመንጃውን በሠራ በማግሥቱ፣ ካሜራው የመጣባትም ከተማ የሉሚዬር ቤተሰብ ፋብሪካውን ያቋቋመባት ያችው ሊዮን ናት።

ራምቦ ምስሎቹ ነጭተው የወጡት ለማጠቢያ በተጠቀመበት መጥፎ ውኃ ምክንያት መሆኑን በደብዳቤው ገልጿል። ምክንያቱ ከኬሚካሉ ጋር የሚሄድ ነው፤ ምስሉ በኬሚካል እንዲታይ ከተደረገ በኋላ ብርሃን ያላገኘውን የብር ጨው የሚያሟሟው ፈሳሽ በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጥቦ ካልወጣ፣ ቀሪው ምስሉን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበላ ያነጣዋል። ሐረር ውስጥ ንጹሕ ውኃ ምን ያህል እንደሚፈለግ የሚያውቅ ሰው የዚያን ሰው ጭንቀት ይረዳል። ዛሬ ራምቦ ቤት ተብሎ በሚታወቀው ሙዚየም የጥንቷን ሐረር ፎቶግራፎች ማየት ይቻላል፤ ሕንጻው ግን አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው እንጂ የራምቦ መኖሪያ አልነበረም።

ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እንዴት ነው?

የሉሚዬር ባለሙያዎች መሣሪያቸውን ተሸክመው በ1896 ቦምቤይና አሌክሳንድሪያ ደርሰው ነበር፤ ወደ ኢትዮጵያም ፊልም የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከሌሎች የአውሮፓ መሣሪያዎች ጋር ወደ ቤተ መንግሥት ነው። ለሕዝብ የተከፈተው የአዲስ አበባ ማሳያ ቤት «የሰይጣን ቤት» የሚል ስም እንደወጣለት ይታወቃል። በአማርኛ የተሠራ ሙሉ ፊልም ለማየት ግን እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ፣ እስከ «ሂሩት አባቷ ማነው» ድረስ መጠበቅ ግድ ሆኗል።

ፊልም ሥነ ጥበብ የሆነው መቼ ነው?

ብዙዎች አንድ ቀን እንዲጠቀስላቸው ይፈልጋሉ። በጽሑፍ ረገድ ጣሊያናዊው ሪቾቶ ካኑዶ በ1911 ባወጣው መግለጫ ሲኒማን ከሥነ ጥበባት ተርታ አሰልፎታል፤ መጀመሪያ ስድስተኛው ጥበብ ካለው በኋላ ዳንስን ጨምሮ ሲቆጥር ሰባተኛ አደረገው፤ «ሰባተኛው ጥበብ» የሚለው አጠራርም ከዚያ የመጣ ነው። ነገር ግን ጥበቡ ከመግለጫው ቀድሞ ነበር።

በመጀመሪያው የግራንድ ካፌ ማሳያ ላይ ከተገኙት አንዱ ዦርዥ ሜሊየስ የተባለ የምትሐት ትርኢት ባለሙያ ነው። ሜሊየስ ካሜራውን አቁሞ፣ በፊቱ ያለውን ነገር ቀይሮ፣ እንደገና ቀረጻውን በመቀጠል ሰው ሲሰወርና ሲለወጥ ማሳየት እንደሚቻል ተረዳ፤ ባቡሩ ድሬዳዋ በደረሰበት በዚያው በ1902 ወደ ጨረቃ የሚደረግ ጉዞን የሚያሳየውን ዝነኛ ፊልሙን አወጣ። በጎሞን ኩባንያ ጸሐፊ የነበረችው አሊስ ጊ ደግሞ በ1896 ገደማ ልብ ወለድ ታሪክ ያለው አጭር ፊልም አዘጋጅታ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ ዳይሬክተሮች አንዷ ሆናለች፤ ስሟ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከታሪክ መጻሕፍት ተዘልሎ መቆየቱ የሚያሳዝን ነው። ማሬ መሣሪያውን የፈለገው ያለውን ለመለካት ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ግን ያልነበረውን ለማሳየት ፈለጉት። የመሣሪያው አሠራር በመካከሉ ይህ ነው የሚባል ለውጥ ሳያደርግ የተጠቃሚው ዓላማ ተለወጠ።

ኤዲቲንግ፣ ማለትም የተቀረጹ ምስሎችን ቆርጦ መቀጠል፣ የፊልም ጥበብ እምብርት ነው የሚባለው ለምንድን ነው?

የሩሲያው ዳይሬክተር ሌቭ ኩሌሾቭ በ1910ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ያደረገው ሙከራ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ምንም ስሜት የማያሳይ የአንድ ተዋናይ ፊት ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ምስል ጋር እየተፈራረቀ ተቀጠለ፤ ተመልካቾች ሰውየው ረኃብን፣ ኀዘንን፣ ፍቅርን እንዴት አድርጎ እንዳሳየ አደነቁ ይባላል። ፊቱ ግን በሦስቱም አንድ ነበር።

በእኛ ከተማ ለመሞከር ቀላል ነው። በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የተቀመጠች አንዲት ሴት ወደ ጎን ስትመለከት ይቀረጽ። ቀጥሎ ባዶ ዘንቢል ቢገባ ችግርን እናነባለን፤ ባቡር ጣቢያው ቢገባ የምትጠብቀው ሰው አለ እንላለን፤ ከፊቷ የሚሸሽ ልጅ ቢገባ ደግሞ ቁጣ ይታየናል። ትርጉሙ በአንደኛውም ምስል ውስጥ የለም፤ የሚገኘው በመገጣጠሚያው ላይ ነው። ሥዕል፣ ቴአትርም ሆነ ፎቶግራፍ ይህን በዚህ መልክ ማድረግ ስለማይችሉ ፊልም የራሱ የሆነ ቋንቋ አለው የሚለው አባባል የቆመው በዚህ ላይ ነው። የሶቪየቱ ዳይሬክተር ሰርጌይ አይዘንስታይን በ1925 ባወጣው ፊልም በኦዴሳ ደረጃዎች ላይ የሚፈጸመውን ጭፍጨፋ ሲያቀርብ፣ ድርጊቱ በእውኑ ሊወስድ ከሚችለው ጊዜ እጅግ አስረዝሞ የለጠጠው ምስሎችን በመቆራረጥና በመደጋገም ነው፤ ጊዜን ራሱን መሥራት ተቻለ ማለት ነው።

ድምፅ አልባ ፊልሞች ጎደሎ ናቸው? ፍጥነታቸውስ ለምን የተጣደፈ ይመስላል?

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ጥፋቱ የፊልሞቹ አይደለም። በእጅ በሚዞር ካሜራ በሰከንድ 16 ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ባለ ቁጥር የተቀረጹ ፊልሞች በኋላ በ24 ሲታዩ ሰዎቹ የሚንቀለቀሉ ይመስላሉ። የ24 ልክ የጸናው በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ሲመጣ ነው፤ ዓይን የፍጥነት መዋዠቅን ይታገሣል፣ ጆሮ ግን የድምፅ መዋዠቅን አይታገሥምና ቋሚ ፍጥነት አስፈለገ። በትክክለኛ ፍጥነታቸው ሲታዩ የሰዎቹ አካሄድ እርጋታ አለው።

ስለ ጎደሎነታቸው ጀርመናዊው ሩዶልፍ አርንሃይም በ1932 የሰጠው መልስ ለእኔ አሁንም አሳማኝ ነው። እርሱ እንደሚለው ፊልም ሥነ ጥበብ የሆነው ከእውነታው ስለሚያንስ ነው፤ ጥልቀት የሌለው ሸራ፣ ድንበር ያለው ማዕቀፍ፣ የቀለምና የድምፅ አለመኖር ሁሉ ለአርቲስቱ የሥራ ዕቃዎች ናቸው። ድምፅ ሲመጣ የሚጠፋ ነገር መኖሩን ማመኑ ግን ያከራክራል፤ በጥሩ ዳይሬክተር እጅ ዝምታ ራሱ ትርጉም ያገኘው ድምፅ ከመጣ በኋላ ነው።

ካሜራ ያለውን ነገር የሚገለብጥ ማሽን ከሆነ፣ ዘጋቢ ፊልም እንዴት ሥነ ጥበብ ሊባል ይችላል?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ካሜራ በእርግጥም ከፊቱ ያለውን ይገለብጣል፤ ነገር ግን የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ አይወስንም። የሉሚዬር ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚያሳየው፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዘጋቢ ፊልም የሚባለው ሥራ እንኳ ሦስት የተለያዩ ቅጂዎች አሉት፤ ሠራተኞቹ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲወጡ ተደርጓል ማለት ነው። እውነታ እንደገና ተሠርቷል።

ለሐረር ቅርብ የሆነውን ምሳሌ ልውሰድ። በሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር በ2021 ያወጣችው «ፋያ ዳዪ» በጫት ዙሪያ ያለውን ሕይወት በጥቁርና ነጭ ያሳያል። የሐረርን አካባቢ አረንጓዴነትና የጀጎልን ቀለም ያሸበረቁ ግድግዳዎች የሚያውቅ ሰው ቀለሙን መተው ምን ያህል ደፋር ውሳኔ እንደሆነ ይገባዋል። ቀለሙ ሲወጣ ጭሱ፣ የቅጠሉ እርጥበትና የፊቶቹ ጥላ ጎልተው ይወጣሉ፤ ፊልሙም በተራኪ ድምፅ ከሚነገር መረጃ ይልቅ ምርቃናን ለሚመስል ዝግ ያለ የጊዜ ስሜት ይቀርባል። በዚያ ፊልም የሚታዩት ሰዎች እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ ያየንበት መንገድ ግን የአንድ ሰው ነው። ዘጋቢ ፊልም ሐሰት ሲሆን እንኳ በካሜራ ፊት የሆነ ነገር ነበር፣ እውነት ሲሆንም መራጭ ነበረው፤ ስለዚህ ሥነ ጥበብነቱና እውነተኛነቱ የሚመዘኑት በሁለት የተለያዩ ሚዛኖች ነው። አንዱን ያሟላ ሌላውን አሟልቷል ማለት አይደለም።

ከመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ብዙዎቹ የጠፉት ለምንድን ነው? በቤታችን ያለውን አሮጌ ጥቅልልስ ምን እናድርገው?

ከጠፉባቸው ምክንያቶች አንዱ ቁሱ ነው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ለሲኒማ ይሠራበት የነበረው የናይትሬት ፊልም በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ሲነድድም የራሱን ኦክሲጅን ስለሚያወጣ በውኃ አይጠፋም። በ1897 በፓሪስ በአንድ የበጎ አድራጎት ባዛር ላይ ከፕሮጀክተሩ መብራት የተነሣ እሳት ከ120 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ሌላው ምክንያት ቸልተኝነት ነው፤ ሬኖ ተስፋ ቆርጦ ጥቅልሎቹን ወደ ሴን ወንዝ ጣላቸው፣ ሜሊየስ የራሱን ኔጋቲቮች አቃጠለ። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት ከአገሪቱ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ ፈጽመው ጠፍተዋል።

የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድና የዐረብ ቤተሰቦች አብረው ይኖሩባት በነበረችው ድሬዳዋ የ8 ወይም የ16 ሚሊ ሜትር የቤተሰብ ፊልም በእጁ ያለ ሰው መፍራት የለበትም፤ እነዚህ መጠኖች በአብዛኛው እንደ ናይትሬት በቀላሉ በማይቀጣጠል፣ አሲቴት በተባለ ቁስ የተሠሩ ናቸው። የአሲቴት ጠላት ሙቀትና እርጥበት ነው። ቆርቆሮው ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል፤ መበስበሱም ራሱን እያፋጠነ ስለሚሄድ ያንን ጥቅልል ከጤነኞቹ መለየት ያስፈልጋል። የዛገውን ቆርቆሮ መቀየር፣ አዲሱንም አየር በማያስወጣ ፕላስቲክ አለማፈን፣ ጥቅልሉን በጠርዙ ብቻ መያዝ ይገባል። በአሮጌ ፕሮጀክተር ማሳየት ግን ፈጽሞ አይመከርም፤ የተኮማተረ ፊልም ቀዳዳዎቹ ከጥርሶቹ ጋር ስለማይገጥሙ ይቀደዳል። ምስል በምስል በሚያነብ ስካነር ወደ ዲጂታል ማስገልበጥ ይሻላል፤ ከተገለበጠ በኋላም ዋናው ጥቅልል አይጣልም፤ በፀሐይ ከሚግል የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወጥቶ በቤቱ ውስጥ በጣም ቀዝቃዛና ደረቅ በሆነው ቦታ፣ ከተቻለም ከድሬዳዋ ይልቅ ከፍታዋ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋውና በምትቀዘቅዘው ሐረር ባለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ።